ገበር

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሰባ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ፤
ረቡዕ ሌሊት ነው ውሃ የሚለቀቅ።
ደረሰ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃውን ሲወርድ፣ ሲወጣ፣
እኔ ምንጣፉ ላይ ጉልበቴን ወደ ደረቴ አጥፌ፣
የፈላ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ፣ በሻርፕ ጠቅልዬ፣ ሆዴ ላይ አቅፌ፣
የፕላስቲኩን መኮማተር አዳምጣለሁ።
እሱም እንደኔ ነው፤ ትኩስ ሲይዝ ቅርጹን ያጣ።

«ስንተኛ ቀንሽ ነው?» ይላል ከበሩ ቆሞ።
«ሁለተኛ።»
ሌላ አይጠይቅም፤ ያውቀዋል ቀድሞ።
ሁለተኛውን ቀኔን እንደ ክፉ ጎረቤት
ከደጅ በኮቴው ይለየዋል፤
ኪኒን የማያባርረው፣
ጤና አዳም የማያሳፍረው እንግዳ።

አሥራ ሁለት ዓመት «የሴት ነገር» ነበር ስሙ፤
«ስትወልጂ ይተውሻል» አሉኝ፣ ያልታመሙ።
መውለዱን የከለከለኝ እሱ ራሱ መሆኑን
ማን ይንገራቸው?

ከዚያ አንዲት ሐኪም፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
በወረቀት ጀርባ ማህፀን ሣለችልኝ፣ የተዘቀዘቀ በርበሬ አስመስላ።
«ውስጡን የሚያለብሰው ስስ ሽፋን» አለች፣ «ውጭ በቅሏል፤
እንቁላል ማምረቻሽ ላይ፣ አንጀትሽ ላይ ተጣብቋል፤
ወር በመጣ ቁጥር እዚያም ይደማል፤
መውጫ ግን የለውም።»
ረጅም የፈረንጅ ስም ጻፈችለት፣ ከሥሩ አሰመረችበት።
እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስሙ አልያዘልኝም፤ ነገሩ ግን ገባኝ፦
ገበር ነው።
ገበሩ ከጨርቁ ውጭ ተሰፍቷል።
ማነው እንዲህ የሰፋኝ? ማን ነበር ልኬን የያዘው?
እኔ ብሆን ተርትሬ እመልሰው ነበር፣
በምላጭ፣ ቀስ ብዬ፣ መብራት ሳይሄድ።

ተረተሩት፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሰኔ፤
የእቁባችን ዕጣ፣ ሐብሌ፣ የደረሰ ቦነስ፣ አለቀ በእኔ።
«አሁን ቶሎ በሉ» አለች ሐኪሟ፣ ክሩን አውጥታ፤
«መንገዱ ሲጸዳ ፋታ አለ፣ ትንሽ ፋታ።»
ፋታውን ቆጠርን፣ በጣት፣ በሙቀት መለኪያ።
ፍቅራችን እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ
ሰዓት እየፈረመ ገባ፣ እየፈረመ ወጣ።
አንዳንዴ መሐል ላይ ሳቃችን ይመጣል።
በአሥረኛው ወር ተመልሶ መጣ፣
ሥሩን ትቶ እንደተነቀለ ሰርዶ።

ነሐሴ የእኔ መኸር ነው፤ ዩኒፎርም።
አስፋልቱ ዳር፣ የቆርቆሮ ሱቄን ዝናብ ሲደበድበው፣
እናቶች ልጆቻቸውን እየገፉ ያስገባሉ።
ሜትሬን በትንንሽ ትከሻ ላይ እዘረጋለሁ፤
ቅባት ይሸታሉ፣ እርጥብ ሹራብ ይሸታሉ።
አንዷ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ሲፈን የምትባል፣
«ያንቺ ልጅ ስንተኛ ክፍል ነው?» አለችኝ።
እናቷ ክንዷን ቆነጠጠቻት።
መቆንጠጧ ነው ያመመኝ።

አራት ቀን ዘገየ፣ በዚሁ ነሐሴ።
ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለደረሰም፣ ለገዛ ራሴ።
ጀሪካን አላነሳሁም፤ ደረጃውን ቀስ ብዬ ወጣሁ፣
እስከ አፉ የሞላ ዕቃ እንደያዘ ሰው።
ትናንት፣ ከቃሊቲ ክርና ዚፕ ገዝቼ ስመለስ፣
ሃይገሩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወንበር ለቀቁልኝ፤
ምን አይተው እንደሆነ እንጃ።
አደባባዩ ጋ ስንደርስ፣
መጣ።
«ወራጅ አለ?» ይላል ረዳቱ።
«አለ።»
ሦስት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ፣ ማልቀሻ ፍለጋ።
ያላለቀ ፎቅ ብቻ ነበር፣ ከአናቱ ብረት የወጣ፤
ሌላ ወለል ይቀጠልበታል ተብሎ
ዝናብ ላይ የተተወ፣ የዛገ ብረት።

አሁን ደረሰ የመጨረሻውን ጀሪካን አስቀምጦ
ከጎኔ ተቀምጧል፤ ካልሲው ርሷል።
የቀዘቀዘውን ሃይላንድ ከሆዴ ላይ አንስቶ
«ላሙቀው?» አለ።
«ቆይ፣ ትንሽ ተቀመጥ።»
ሐኪሟ ለጥቅምት ቀጥራኛለች፤ ምናልባት ሌላ መቀስ።
ስለሱ አላወራንም። ስለ ውሃው አወራን፣
ዛሬም እንደ ሻይ ቀልቶ መምጣቱን።

ነገ ሱቅ እከፍታለሁ፣ ወገቤ ከለቀቀኝ።
የሲፈን ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እናቷ ስትወጣ
«እጥፉን ሰፋ አድርጊው» ብላኛለች፤ «ታድጋለች።»
አራት ጣት ተውኩ።
ማንም ሰፊ ይህን ያህል አይተውም፤ ጨርቅ ተወዷል።
እኔ ተውኩ።